18 ኢንች ቸርኬ ፈልጌ 17 የገዛሁበት ምክንያት

ከአስፋልቱ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እስካለው ቤቴ ድረስ ያለው መንገድ 1,400 ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ግማሹ ኮብልስቶን ነው፤ ከቀረው ከፊሉ ለቧንቧ ተቆፍሮ እንደነገሩ የተደፈነ ሲሆን፣ ሌላው ገልባጭ መኪኖች አሸዋና ጠጠር እያንጠባጠቡ የሚመላለሱበት አፈር ነው። ስለ ቸርኬ ልጽፍ ተነሥቼ ስለ መንገድ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ መኪናው ብቻ እያሰብኩ ብዙ ሳምንት አባክኛለሁ።

መኪናዋ የወንድሜ ነበረች፤ በፈረንጆቹ የ2003 ሞዴል ሱባሩ ኢምፕሬዛ፣ ደብልዩአርኤክስ የሚባለው ባለ ቱርቦው ዓይነት። ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ «ሽጪያት» ብሎኝ ነበር፤ አልሸጥኳትም። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጎረቤቶቼ አርቆ አሳቢ ያደርጉኛል። እውነቱን ለመናገር የሞተሯን ድምፅ ስለምወደው ብቻ ነው። ችግሩ መልኳ ነበር። ዲያሜትሩ 16 ኢንች በሆነው ቸርኬዋ ቆማ ስትታይ የታናሽ እህቷን ጫማ የተጫማች ትመስላለች። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እጄን ጨብጬ አስገባበታለሁ። 18 ኢንች አማረኝ።

የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አንድ ሻጭ ጥቁር 18 ቸርኬ አሳየኝ። ኤስቲአይ ከሚባለው፣ ከደብልዩአርኤክስ ከፍ ካለው የኢምፕሬዛ ዓይነት የወረደ፣ ጭረት የሌለው፣ የሚያምር ነገር። «የሱባሩ ነው፤ ያንቺም ሱባሩ ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ እህቴ?» አለኝ። ከቦርሳዬ ማስመሪያ አወጣሁ። ባለ አምስት ቀዳዳ ቸርኬ ላይ የሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳዎችን ርቀት ከመሃል እስከ መሃል መለካት ይበቃል። የእኔ መኪና ብሎኖች የሚቆሙበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ርቀቱ 59 ገደማ መምጣት ነበረበት። 67 መጣ። ይህ ማለት ክቡ 114.3 ነው። ሱባሩ ኤስቲአይን ከ2005 ሞዴል ጀምሮ ወደ 114.3 ሲያዛውረው ደብልዩአርኤክስን እስከ 2014 ሞዴል ድረስ በ100 አቆይቶታል። ሻጩ ዋሽቶኛል አልልም፤ ሁለቱም ሱባሩ ናቸው። «ቀዳዳውን ትንሽ እናሰፋዋለን» ሲለኝ ግን ማስመሪያዬን መልሼ ወጣሁ።

በሌላ ሱቅ ቀዳዳው ልክ የሆነ 18 አገኘሁ። ወርዱ 8.5 ኢንች፣ ከጀርባው የተጻፈው ኦፍሴት 35። ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ ምን ያህል ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው፤ ባነሰ መጠን ጎማው ከመኪናው ወደ ውጭ ይገፋል። የእኔ የፋብሪካ ቸርኬ 6.5 ኢንች ወርድና 53 ኦፍሴት አለው። ማታ እናቴ ቡና ስታፈላ ሒሳቡን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሠራሁት፤ የውጭው ጠርዝ 43 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥና መኪናዋ ዝቅ ስትል ፓራፋንጎው ጎማውን ይላጨዋል። እናቴ ወረቀቱን ተመልክታ «የመድኃኒት ሒሳብ ነው?» አለችኝ። ነው ብዬ አለፍኩ።

የሰፈራችንን ጎሚስታ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ከቆርቆሮ ቤታቸው ጀርባ የተጣመሙ ቸርኬዎች ክምር አለ። 18 ልገዛ መሆኔን ስነግራቸው ወደዚያ ወሰዱኝና «ልጄ፣ ቁጥራቸውን አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ረስቻለሁ» አሉኝ። አነበብኩላቸው፦ 18፣ 18፣ 19፣ 17፣ 18፣ 20። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ጎማ 205/55 አር 16 ነበር። ወርዱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 55 በመቶ፣ ማለትም 113 ገደማ። 225/40 አር 18 ቢሆን ይህ ቁመት ወደ 90 ይወርዳል። ሙሉ የጎማው ዲያሜትር ግን ብዙም አይለወጥም፤ የመጀመሪያው 632፣ ሁለተኛው 637 ሚሊ ሜትር ነው። ፍጥነት መቁጠሪያውም የጎላ ስሕተት አያሳይም። ትልቅ ቸርኬ መኪናን ከፍ አያደርጋትም እንግዲህ፤ ላስቲኩን ቀንሶ ብረቱን ይጨምራል። ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ከድንጋዩ የሚጠብቀኝ ያ ላስቲክ ነው፤ 23 ሚሊ ሜትሩን ለመልክ መስጠት አልሆነልኝም። 225/45 አር 17 ላይ ቁመቱ 101 ይሆናል፣ ዲያሜትሩ 634። ስለዚህ 7.5 ኢንች ወርድና 48 ኦፍሴት ያለው 17 ቸርኬ ፈልጌ አገኘሁ። የውጭው ጠርዝ የሚወጣው 18 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውስጥ የሚገባው 8 ብቻ ነው። እርግጥ ጋሼ ክምር ውስጥም አንድ 17 ነበረ፤ አልረሳሁትም።

ጎማ ስገዛ ሙያዬ ጠቀመኝ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ዕቃ ሳነሣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀኑ ነው። ጎማ ላይ የማብቂያ ቀን አይጻፍም፤ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ግን በአራት አኃዝ ታትሞ ይገኛል። አንድ ሻጭ «አዲስ ነው» ብሎ ያቀረበልኝ ጎማ 3214 ይላል። ሠላሳ ሁለተኛው ሳምንት፣ 2014። «ያው 2014፤ ገና ሦስት ዓመቱ» አለ ሻጩ። ጊዜው 2017 ዓ.ም. ነበርና ሒሳቡ በአፍ ሲነገር ልክ ይመስላል። ፋብሪካው ግን በእኛ ዘመን አቆጣጠር አይቆጥርም! ጎማው አሥር ዓመት አልፎታል። ሰውየው አውቆ ይበለው ሳያውቅ እስካሁን አልገባኝም። እኔ ራሴ በመድኃኒት ካርቶን ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት የሠራሁበት ቀን ስላለ አልጮህኩበትም። ሌላ ሱቅ ሄጄ የ2024 ጎማ ገዛሁ።

አራቱንም በአንድ ቀን ነው የገዛሁት፤ የሦስት ወር ደመወዜን በላ። ሁለት ሁለት እያደረጉ መግዛት ለሌላ መኪና ያስኬድ ይሆናል። የሱባሩ አራቱም ጎማዎች ስለሚነዱ ግን አንዱ ያለቀ፣ አንዱ አዲስ ከሆነ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የመሃል ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል። ሱባሩ በጎማዎቹ ዙሪያ ልኬት መካከል የሚፈቅደው ልዩነት ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ከተማ ውስጥ አንድ ቤት አስገጥሜና ባላንስ አስደርጌ በቀጥታ ወደ አዳማ የፍጥነት መንገድ ገባሁ። መነሻው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ አይደል? የመንገድ ክፍያውን አልፌ 95 ስደርስ መሪው በእጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባላንሱን በድጋሚ አሠራሁ፤ ያው ነው። በሰፈር ውስጥ ምንም አይታወቅም፣ 95 ላይ ግን ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱን ያገኙት ጋሼ ናቸው። ቸርኬውን አውርደው የመሃሉን ቀዳዳና የመኪናዋን እንብርት ለኩ። የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ 73.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ የመኪናዋ 56.1። ይህን ክፍተት የሚሞላ ቀለበት መኖር ነበረበት፤ የገጠሙልኝ ሰዎች ዳዶውን ብቻ አጥብቀው ለቀውኛል። አራት የአሉሚኒየም ቀለበት አስቀርጬ አስገባሁ። አሁን መሪው ዝም ብሏል።

መሪዋ ፈጣን ሆናለች፣ ኩርባ ላይ ትጸናለች። በሌላ በኩል ስትነሣ ትንሽ ከብዳለች፣ ኮብልስቶኑም ከድሮው ይበልጥ ወገቤ ድረስ ይሰማኛል። በክረምት ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ሰፊ ጎማ ቶሎ ስለሚንሳፈፍ ከበፊቱ ቀስ እላለሁ።

አሮጌዎቹን ቸርኬዎች ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜ በረንዳ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ከጎማዎቹ ሁለቱን እናቴ ከብሎኩ ሥር አስቀምጣ ጤናዳም ተክላባቸዋለች። ወንድሜ ፎቶ ላኪልኝ ብሎኝ ልኬለት ነበር፤ «አቤት 18ቱ ሲያምርባት!» ብሎ ጻፈልኝ። ተንበርክኬ ከታች ስላነሣሁት ነው። አላረምኩትም።