የጎንጂያም መጨረሻ

አጎቴ ትርፍ አንጀቱ ወጥቶለት ሁለተኛ ሌሊቱ ነው። አስታማሚው እኔ ነኝ። ማስታመም ስላችሁ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፔርሙዝ መጠበቅ ነው። የጎንደር ብርድ ደግሞ ሌሊት ላይ ቀልድ አያውቅም። ጋቢዬን ተከናንቤ ጓደኛዬ ስልኬ ላይ የጫነልኝን የኮሪያ አስፈሪ ፊልም ከፈትኩ።

ሆስፒታል ቁጭ ብሎ የሆስፒታል አስፈሪ ፊልም ማየት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ምን ላድርግ፣ ሌላኛው ፊልም አልከፈት አለኝ።

«ጎንጂያም» ይባላል፤ በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ነው። ስሙን ሳየው የጎንደር ዘመድ መስሎኝ ነበር። ለካ በእውነት የነበረ፣ በፈረንጆቹ 1996 የተዘጋ የአእምሮ ሆስፒታል ነው። በፊልሙ ወጣቶች ሌሊት ካሜራ ታጥቀው ይገቡና በቀጥታ ለኢንተርኔት ያስተላልፋሉ። አለቃቸው ውጭ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ተመልካች ይቆጥራል። 1 ሚሊዮን እስኪሞላ ሰው ቢያልቅም ግድ የለውም። ዋናው ጉድ 402 ቁጥር ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ግን አይከፈትም።

ኮሪያዎች 4ን አይወዱም፤ አጠራሩ ከ«ሞት» ጋር አንድ ነው። እኔ የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ልጅ ሆኜ 4 ሊያስፈራኝ? ብዬ ተኩራራሁ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ፊልሙ ሊያልቅ ደቂቃዎች ቀርተውታል። ከዚያ ድርግም! መብራት ጠፋ። ኮሪደሩ ላይ ከእኔ ስልክ ሌላ ብርሃን የለም። በዚህ መሀል ከኋላዬ ቀዝቃዛ እጅ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዞር ስል፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሰ፣ ፊቱን ከአገጩ ስር ጧፍ የሚያበራው ሰው ቆሟል።

«ልጄ፣ በሩ አልከፈት አለኝ» አለ።

ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ እኔ ባልናገር ይሻላል፤ ፒያሳ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ሽማግሌው የሽንት ቤቱን በር ነበር የሚሉት። እሳቸውም ደንግጠው በተራቸው ጮሁ።

ዋርዱ በሙሉ ተነሳ። ቀድሞ ኮሪደሩ ላይ የደረሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጎቴ! ነርሷ ሁለት ቀን ሙሉ «ትንሽ ተራመዱ» ብላ ስትለምነው «ስፌቱ ይተረተራል» እያለ ያስቸገረው አጎቴ፣ በባዶ እግሩ ሸምጥጦ መጣ። ከኋላው ደግሞ ከ6 ቁጥር አልጋ መሪጌታ ደረሱ። «በስመ አብ!» ብለው በሃይላንድ የያዙትን ጠበል በሙሉ ለቀቁብኝ።

እኔ ተረፍኩ። ስልኬ ግን ነፍሱ ወጣች።

ጠዋት ጓደኛዬ ቁርስ ይዞ ሲመጣ መጨረሻውን ጠየቅሁት። ለካ ሚሊዮን የተባለው ተመልካች ውሸት ነው። ሲያዩ የነበሩት 503 ሰዎች ናቸው፤ እነሱም «ትወና ነው» ብለው ሲያሾፉ ነበር።

አጎቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል።

«ታዲያ ያ ሁሉ ሲጮህ ማንም አላመናቸውም?»

«ማንም።»

«አንተ ትሻላለህ» አለኝ፣ ስፌቱን በእጁ ደግፎ እየሳቀ። «አንተን ዋርዱ በሙሉ አምኖሃል።»

መሪጌታ ከማዶ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሃይላንዷን እንደገና አስሞልተዋታል።