ማክሰኞ ይምጡ

የልጁን የክትባት ካርድ ስገልጠው ያገኘሁት የራሴን ጽሕፈት ነው። በ9 ወሩ የኩፍኝ አንደኛውን ተወግቷል። የ15 ወሩ ቦታ ባዶ ሆኖ ጎኑ ላይ በእርሳስ «ማክሰኞ» ተብሏል። ልጁ አሁን 19 ወሩ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሳሉ ፋታ አይሰጠውም፣ ሽፍታው ከጆሮው ጀርባ ተነስቶ ደረቱ ላይ ደርሷል።

ክትባት ክፍል የሠራ ሰው ያቺን «ማክሰኞ» ያውቃታል። የእኛ የኩፍኝ ብልቃጥ የ10 ልጅ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ብቻ ከመጣ አይከፈትም፤ እናትየው ልጆች በሚሰበሰቡበት ቀን እንድትመለስ ይነገራታል። በየወሩ የብክነቱን ቅጽ እያገላበጠ «ይህን ሁሉ ለምን ደፋሽው?» የሚለኝ ኃላፊ ነበር። ሳይከተቡ ስለተመለሱት ልጆች ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

እናትየው አልተቆጣችም።

«ሲስተር፣ በ9 ወሩ አንቺው ወግተሽልኝ የለ? ታዲያ መርፌው ምን ሠራ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ክትባቱ እንዲደክም የተደረገ ሕያው የኩፍኝ ቫይረስ እንደሆነ ነገርኳት። ሰውነት ውስጥ ገብቶ በጥቂቱ ይራባል፤ የልጁ ነጭ የደም ሴሎች ያገኙትና መልኩን ያጠናሉ፣ የሚያከሽፈውን ፀረ እንግዳ አካል ይሠራሉ። ከሴሎቹ ከፊሎቹ ያንን መልክ ሳይረሱ ለዓመታት ይቆያሉ። ዋናው ኩፍኝ የመጣ ቀን ከዜሮ አይጀምሩም።

«ግን 9 ወር ላይ ከተከተቡ 100 ልጆች ወደ 15ቱ ላይ አይይዝም» አልኳት። «አንዱ ምክንያት፣ በእርግዝና ጊዜ ከእናታቸው የወሰዱት መከላከያ ገና ደማቸው ውስጥ መኖሩ ነው። የልጁ ሴሎች በደንብ ሳያውቁት የደከመውን ቫይረስ ያጠፋዋል። በ15 ወሩ ያ መከላከያ አልቋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛው የተጨመረው ያመለጡትን እንዲይዝ ነው።»

ዝም ብላ ቆየች። ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«እኔ በልጅነቴ ኩፍኝ ወጥቶልኛል። እንግዲህ የገዛ ደሜ ነዋ የከለከለው?»

ይህን አልጠበቅሁም። ስንት ዓመት ይህንኑ ለእናቶች ሳስረዳ አንዷም እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

«አይደለም እህቴ» አልኳት። «ልጁ በጣም ለጋ በነበረበት ጊዜ ያንቺ ደም ጠብቆልሻል፤ ያኔ ቢይዘው የበለጠ ይጎዳው ነበር። አንቺ የሚጠበቅብሽን አድርገሻል፣ በቀኑ ይዘሽው መጥተሻል። የመለስኩሽ እኔ ነኝ።»

«ማክሰኞ አጨዳ ላይ ነበርኩ» አለች፣ ጥፋቱን ከእኔ ላይ ልታነሳ እንደምትሞክር ዓይነት። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ቫይታሚን ኤ በዚያው ቀን ሰጠነው፣ በማግሥቱ ደገምንለት። ዓይኑም ሳንባውም ተረፈለት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ አንዲት ጎረቤቷ ብቻዋን ልጅ አዝላ መጣች። «ሐሙስም ትከፍታለች ብላኝ ነው» አለችኝ። ብልቃጡን ከፈትኩ። ማምሻውን ቅጹ ላይ «የተደፋ 9» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ «የተከተበ 1» ብዬ ጨመርኩበት።