የቅሬ ዳኛ ይወለዳል ወይስ ይሠራል?

የቅሬ ዳኛ፣ ማለትም የቀብር ማኅበሩ መሪ፣ በሚመረጥበት ቀን «እሱን አላህ ሲፈጥረውም መሪ ነው» የሚል ምስክር ወሎ ውስጥ አይጠፋም። እውነትነት አለው፤ ግን ጥቂት ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በተወለዱ ወንድ መንትዮች ላይ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ የመሪነት ቦታ በመያዝ ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት 30 በመቶ ያህሉን ከወላጅ ከሚወረስ ተፈጥሮ ጋር አያይዞታል። የተለካው ደግሞ ወንበር መያዝ ነው፤ በደንብ መምራት ሌላ ጉዳይ ነው።

በደንብ መምራት ይለመዳል፤ ለዚህም ከቅሬ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ዳኛው መቅጣት ቢችልም ሰው ካላመነበት ቅጣቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ወጣቱን ለማብቃት ሥራውን ከነሥልጣኑ ስጡት። ዕቃ ቤቱን ያዝ ተብሎ ቁልፉ ሽማግሌው ኪስ ከቀረ፣ ድስት በጠፋ ቀን የሚደርሰው ወቀሳው ብቻ ነው። ቁልፉን፣ መዝገቡንና «አልሰጥም» የማለት መብቱን አንድ ላይ ይረከብ። ርክክቡ ሁለት ምስክር ባለበት በቆጠራ ይሁን፤ ከዚያም በየወሩ መዝገቡና ዕቃው ይመሳከር። ሲያጠፋ ቁልፉን መንጠቅ ይቀናል፤ የተነጠቀ ልጅ ግን የሚማረው ጉድለትን መደበቅ ነው። ለብቻው ጠርታችሁ ምን ጎደለ፣ ማን ወሰደው፣ መቼ ይመለሳል በሉትና ራሱ ያስመልሰው።

ስብሰባን የሚገድለው የአንጋፋው ቀድሞ መናገር ነው። ከእሳቸው በኋላ የሚነሳ ወጣት ወይ ይደግማል ወይ ዝም ይላል፤ ዝም ያለውም ቅሬታውን ውጭ ወጥቶ ያወራዋል። ስለዚህ ምርቃቱን እሳቸው ይክፈቱ፣ ሐሳቡ ከታናሽ ይጀምር፣ እሳቸው መጨረሻ ላይ ይናገሩ። ክብራቸው አይነካም፤ ማሳረጊያው ድሮም የትልቅ ሰው ነው። ከመበተን በፊት ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው ይነበብ፤ ሥራውን የወሰደውም በራሱ አፍ ይድገመው። «እናደርገዋለን» ከተባለ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ጥሩ ዳኛ የሚለየው በሌለበት ቀን ነው። ደሴ ለጉዳይ በሄደበት ለቅሶ ቢደርስ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል? ካልተተከለ ሥራውን ሁሉ በራሱ ላይ አስሮታል ማለት ነው። የሥልጣን ዘመኑ ሊያልቅ 1 ዓመት ሲቀረው ምክትሉ ስብሰባ ይምራ፣ ሂሳብም ያቅርብ፤ ዳኛው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ካልተጠየቀም አይናገር።