ከቆዳው ስር ፌስታል

አጎቴ ዘጌ ነው የሚኖረው፣ ቡና አለው። ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለቡናው ጥላ የሚሆነውን ዛፍ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ወጥቶ ወደቀ፣ በግራ ጎኑ ጉቶ ላይ። ተነስቶ በእግሩ ቤቱ ገብቷል፣ እራቱንም በልቷል፣ ብቻ አየር ሲስብ ጎኑን ይወጋው ነበር። ማታ አንድ ክሊኒክ ወስደውት ለህመሙ ዳይክሎፌናክ ተወግቶ ተመለሰ። ጠዋት ፊቱ አብጦ፣ አይኑ ተከድኖ፣ አንገቱና አገጩ አንድ ላይ ሆነው ተነሳ።

እዚህ ላይ ማንም ሰው ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሄደው። ማታ መርፌ፣ ጠዋት እብጠት፣ በቃ መድኃኒቱ አልተስማማውም። ክሊኒኩም እንደዛ ብሎ የአለርጂ መርፌ ወጋው። ጎረቤቶች ደግሞ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ቀቡት። እብጠቱ ግን እየወረደ ደረቱ ጋ ደረሰ።

እኔ ባህር ዳር ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። አክስቴ ስትደውል ከአዳር ወጥቼ ሐይቁ ዳር ባጃጅ እየጠበቅኩ ነበር። እትዬ ያሳክከዋል እንዴ? አልኳት፣ ኧረ አያሳክከውም አለች። ሽፍ ያለበት ነገርስ? የለም። ከንፈሩስ፣ ምላሱስ? «እሱስ ደህና ነው ልጄ፣ ድምፁ ነው እንጂ የሌላ ሰው የሆነብኝ፣ በአፍንጫው ነው የሚያወራው» አለችኝ። ድምፁ ስትለኝ ደነገጥኩ። እትዬ እስኪ ከአንገቱ ግርጌ ያለውን አጥንት ያዢና እዛ ጋ ያበጠውን በጣቶችሽ ቀስ እያልሽ ጫን ጫን አርጊው አልኳት። ትንሽ ዝም አለች፣ ከዛ «ውይ ልጄ! ከቆዳው ስር ፌስታል ያለ ይመስላል፣ ኮሽ ኮሽ ይላል!»

ከዛ በኋላ ስንት ማሽን መረመረው፣ ለእኔ ግን ነገሩ የታወቀው በአክስቴ ጣት ነው። ሐኪሞቹ ክሬፒተስ ይሉታል ያንን ኮሽታ፣ በሽታውን ደግሞ ሰብኪውታኒየስ ኢምፋይዚማ፣ ከቆዳ ስር የገባ አየር ማለት ነው። የአለርጂ እብጠት ኮሽ አይልም፣ ለስላሳ ነው። የኩላሊት ወይም የልብ እብጠት ደግሞ ስትጫኑት ይሰረጉድና ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። አየር ብቻ ነው በጣት ስር እንደ ደረቅ ድርቆሽ የሚንኮሻኮሸው፣ አንዴ የነካው ሰው በጭራሽ አይረሳውም።

ከየት መጣ ካላችሁ፣ የተሰበረው ጎድን አጥንት ሳንባውን ወጋው። ከሳንባው የወጣው አየር መጀመሪያ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መሃል ይጠራቀማል፣ ኒሞቶራክስ የሚባለው እሱ ነው፣ ከዛ በቀደደው በኩል ወደ ቆዳ ስር ይገባል፣ እዛ ያለው ስጋ ልል ስለሆነ በትንፋሽ በትንፋሽ እየተገፋ አንገት፣ ጉንጭ፣ የአይን ቆብ ድረስ ይሄዳል፣ ጉሮሮ አካባቢ ሲደርስ ነው ድምፁ የሚቀየረው። ስለዚህ እብጠቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ገዳይ አይደለም፣ የሚያስፈራው ከጀርባው ያለው ሳንባ ነው። ትንፋሹ እየጠበበ፣ የአንገት ደም ስሩ እየተወጠረ፣ የደም ግፊቱ እየወረደ ከመጣ ኤክስሬይ እንኳን አይጠበቅም፣ አየሩ በመርፌ መውጣት አለበት።

ቁጭ እንዳለ ደገፍ አድርጋችሁ ባገኛችሁት ጀልባ አምጡት አልኳቸው። ጠዋት በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን ሐይቁ ረግቶ ነበር፣ ከሰዓት ቢሆን ንፋሱ ይነሳል። ሲደርስ የደሙ ኦክስጅን ወደ 86 በመቶ ወርዶ ነበር። ተረኛው ዶክተር በማዳመጫ ሊሰማ ሞክሮ የቆዳው ኮሽታ የሳንባውን ድምፅ ሸፈነበት፣ አልትራሳውንዱም ያው ነው፣ አየር ድምፁን ስለሚመልሰው ከስር ያለውን ሳንባ አያሳይም። ኤክስሬዩ ላይ ግን የደረት ጡንቻው ጭረት በጭረት ተለይቶ እንደ ቅጠል ጅማት ተበትኖ ይታያል፣ አየሩ በጡንቻው ክሮች መሃል ስለገባ ነው። አንዳንዴ ይሄ ጭረት ራሱ ከኋላው ያለውን ኒሞቶራክስ ይደብቀዋል፣ ያኔ ሲቲ ስካን ነው የሚለየው፣ የእሱ ግን ግልፅ ነበር፣ ሁለት ጎድን ተሰብሯል፣ የግራው ሳንባ ተሰብስቧል። ከብብቱ ዝቅ ብሎ ቼስት ቲዩብ፣ አየሩን ከደረቱ የሚያወጣ ቱቦ፣ ገባለት፣ ጫፉ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ፣ ወዲያው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ እብጠቱ የደረሰበትን ዳርቻ በእስክሪብቶ አሰመርኩበት፣ እየሰፋ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እንደዛ ነው። ኦክስጅኑም ለመተንፈስ ብቻ አይደለም፣ ከቆዳ ስር ያለው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፣ ሰውየው ኦክስጅን በደንብ ሲተነፍስ ናይትሮጅኑ ቶሎ ወደ ደም ይመጠጣል።

ሳይወድቁም ይመጣል ደግሞ። አስም ያለበት ልጅ በጣም ሲያስል፣ እናት ምጥ ላይ ስታምጥ፣ በጥርስ ሕክምና ጊዜ የማሽኑ አየር በድድ በኩል ሲገባ። ሉዊስ ሃማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 አየሩ ልብ አካባቢ ሲሆን ከልብ ምቱ ጋር እኩል ኮሽ ኮሽ እንደሚል ጽፏል። በጣም የምፈራው ግን ቁስል ያለበት እግር ወይም እጅ አብጦ፣ ከመጠን በላይ እያመመ፣ እየሸተተ ኮሽ ሲል ነው፣ ያ ከሳንባ የመጣ አየር ሳይሆን ባክቴሪያ የሚፈጥረው ጋዝ ሊሆን ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ኦፕራሲዮን ይፈልጋል።

የስራ ጓደኞቼ ይሄን ካነበባችሁ እባካችሁ፣ ፊቱ ያበጠ ሰው ሲመጣ የአለርጂ መርፌውን ከመሳባችሁ በፊት አንገቱን በጣታችሁ ጫን አርጉት፣ ወድቀሃል ወይ በሉት። አጎቴን ማታ ሲወጉት ጎኑን የዳሰሰው ሰው አልነበረም፣ ጠዋትም አንገቱን የዳሰሰው የለም፣ ሁለቴ አልፎናል። እኔም ራሴ በስልክ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ማሳከክ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠርሙሱ ዝም አለ፣ በስድስተኛው ቱቦው ወጣ። አክስቴ በየቀኑ ጠዋት ቡና በፔርሙዝ ይዛ ትመጣና ገና ሳትቀመጥ አንገቱ ግርጌ ጣቷን ታሳርፋለች። የወጣ ቀን ደጋግማ ጫን ጫን አደረገችው፣ ወደ እኔ ዞራ «ዛሬ የለም» አለችና ቡናውን መቅዳት ጀመረች።