ዶሮ አረድክ እንዴ?

ጥፍሬ ስር ላባ፣ ጆሮዬ ውስጥ ላባ፣ ምሳ ላይ እንጀራው ውስጥም አንድ አግኝቻለሁ። የሃሞኬን (ሁለት ዛፍ መሃል የሚወጠረው የጨርቅ አልጋዬን) ኮምፎርት ሰፍቼ ጨረስኩ። ማለት ለሁለተኛ ጊዜ ጨረስኩ።

ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሁሉ ሄዶ ጎንደር ጭር ሲል ከጓደኛዬ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ደጋ፣ ኮሶዬ ወጥተን አደርን። ሃሞኬን ሁለት ጥድ መሃል ወጠርኩ፣ አንድ ጋቢ ከስር አንድ ጋቢ ከላይ፣ ደገኛ ነኝ ምን እሆናለሁ ብዬ። ከላይ ደህና ነበርኩ ጀርባዬ ግን በረዶ ሆኖ አደረ! መሬት ላይ ብተኛ ቢያንስ ንፋስ በስሬ አያልፍም ነበር፣ ሃሞክ ግን ስሩ ባዶ ነው፣ የተኛሁበት ጋቢም አራት እጥፍ ሆኖ እንኳ በክብደቴ ተጨፍልቆ ወረቀት ሆኗል። ስለዚህ ኮምፎርቱ ከሃሞኩ ውጪ በላስቲክ ከስር መንጠልጠል አለበት፣ ያኔ አልተኛበትም አይጨፈለቅም።

ውስጡ የሚገባው የዳክዬ ወይም የዝይ የደረት ላባ ነው፣ የዶሮ አይሆንም፣ መሃሉ ጠንካራ ስለሆነ ይወጋል አይነፋምም። እዚህ ከየት ይመጣል? ከሰልባጅ ጃኬት። አራት ገዝቼ አንዱ ፖሊስተር ሆኖ ቁጭ አለ። አሁን ተምሬአለሁ፣ ከስፌቱ ትንሽ መዝዤ በክብሪት አቃጥላለሁ፣ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ላባ ነው፣ ቀልጦ ከተንጠባጠበ ገንዘቤን ወደ ኪሴ።

ሶስቱን ጃኬት አጥቤ ስቀዳድዳቸው ወደ 340 ግራም ላባ ወጣ፣ ግን ሁሉም ተጓጉሎ ነበር። እቃ ቤት በሩን ዘግቼ አፍንጫዬን ሸፍኜ ስታገል እናቴ በሩን በረገደችው፣ ላባው ብን አለ፣ "ዶሮ አረድክ እንዴ?" እኔ ልናደድ ነው እሷ ትስቃለች። ከዛ ቁጭ ብላ አንዷን ጓል በጣቷ እየፈለፈለች "ይሄ እኮ ያልተነደፈ ጥጥ ነው፣ ባዘቶ ሳታደርገው ምኑ ይሞቅሃል?" አለችኝ። እኔ ስንት ቀን ስልኬ ላይ ያነበብኩትን፣ የሚያሞቀው ላባው ሳይሆን በውስጡ የሚይዘው አየር ነው የሚለውን፣ እሷ ልጅ ሆና ጥጥ ስትነድፍ ጨርሳዋለች። ሁለታችን እስኪመሽ ነደፍን።

የመጀመሪያውን ያበላሸሁት በችኮላ ነው። ፒያሳ በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ ጋሼ ሲንጀራቸውን አዋሱኝና ላይኛውንና ታችኛውን ገበር አንድ ላይ ቀጥ አድርጌ ሰፋሁት፣ ልክ እንደ ጃኬቱ። ግቢ ውስጥ ሰቅዬ አንድ ሌሊት ተኛሁበት፣ ጀርባዬ ላይ የብርድ መስመር መቁጠር ትችላለህ! ለካ መርፌው ያለፈበት ቦታ ሁሉ ጨርቅ ከጨርቅ ይጣበቃል፣ ላባ የለም። ጋሼ አይተው "ልጄ፣ ይሄ እኮ ግድግዳ ይፈልጋል" አሉኝ።

ፈታሁት። ሁለት ቀን ሙሉ መፍታት ብቻ (ስለሱ ባላወራ ይሻለኛል)። ግድግዳውን ካረጀ አጎበር ቆረጥኩ፣ 5 ሴንቲ ቁመት፣ አንዱን ጠርዝ ከላይኛው ገበር ሌላውን ከታችኛው፣ ስለዚህ ሁለቱ ገበሮች አይነካኩም። ቁመቱ 130 ስፋቱ 120 ሴንቲ፣ ዘጠኝ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ 31 ግራም በሚዛን፣ ሲሞላ ወዲያው በእጅ እየዘጋሁ። መርፌው ቀጭን ይሁን፣ በወፍራም መርፌ ቀዳዳ ላባ ይሾልካል። ገበሩንም ስትገዙ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ንፉ፣ ትንፋሹ እንደልብ ካለፈ ተዉት።

ትናንት ማታ እንደገና ግቢ ውስጥ ሰቀልኩት። መጀመሪያ ላስቲኩን አጥብቄው ራሱ ተጨፈለቀ፣ ሳላላው ደግሞ ንፋስ መሃል ገባ፣ ወርጄ ሶስቴ አስተካከልኩ፣ ውሻችን ሌባ መስዬው ጮኸብኝ። ከዛ ተኛሁ፣ የቅዳሴው ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ፣ ጀርባዬ ሞቆ።

60 ግራም ላባ ተርፎኛል። ከላይ ለምደርበው መጀመሪያ ይሆነኛል ብዬ በፌስታል ቋጥሬ ነበር፣ ጠዋት ስፈልገው እናቴ ጋ ነው። "ለጉልበቴ የሚሆን ስፋልኝ፣ ግድግዳውን እንዳትረሳ" አለችኝ።