ካንሰሩ ጠፋልኝ አልልም፤ ግን ስሙኝ

የቁልቢው ገብርኤል ያደረገልኝን ልመስክር። እዚህ ሜሪላንድ ያሉ ወዳጆቼ «የፕሮስቴት ካንሰሩ በጸሎት ብን ብሎ ጠፋ» እያሉ ስለሚያወሩ፣ እንደሆነው ልናገር።

መጀመሪያ የሽንት ፊኛዬ ውስጥ ካንሰር ተገኘ። ገና ሥር ስላልሰደደ ጠርገው አወጡልኝ። እንዳይመለስ ደግሞ ቢሲጂ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛዬ ይጨምሩልኝ ጀመር። አዎ፣ ያው ለቲቢ መከላከያ የሚወጋው፣ የብዙዎቻችን ክንድ ላይ ጠባሳ የጣለው ቢሲጂ! ሕያው ግን የተዳከመ ባክቴሪያ ነው። ፊኛ ውስጥ ሲገባ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩ ላይ ያዘምተዋል።

ከወራት በኋላ ፒኤስኤዬ፣ ማለት ፕሮስቴት የሚያመነጨውና በደም ምርመራ የሚለካው ፕሮቲን፣ ከፍ አለ። ኤምአርአይ ተነሣሁ። ውጤቱ «ፓይራድስ 5» ይላል። ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 5 ሲሆን ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው።

ባለቤቴ ወረቀቱን አጣጥፋ ሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀመጠችና «ገብርኤል ሆይ፣ ይሄን በጎ አድርግልኝ፤ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። እኔ መጸለይ አቃተኝ። «አቤቱ» እልና አፌ እዚያው ይደርቃል። የንስሐ አባቴ «እሷ ትጸልይ፣ አንተ አሜን በል» አሉኝ። እሱን አላቃተኝም።

ባዮፕሲ ተወሰደ። ሐኪሙ ካንሰር የለም አለን። ግራኑሎማ የሚባል፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ተሰባስበው የሚፈጥሩት ቁጣ ነው፤ ለካስ ቢሲጂው ወደ ፕሮስቴቴ ዘልቆ ኖሯል! እዚያ ሕዋሳቱ ተጠቅጥቀው ስለሚቆሙ ውሃ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ኤምአርአይ ካንሰርን የሚጠረጥርበት አንዱ ምልክት ደግሞ ይኸው ነው። የቆየ የፕሮስቴት ኢንፌክሽንም፣ ከባዮፕሲ በኋላ የሚቀር ደምም እንዲሁ ያሳስታል። ቁርጡን የሚናገረው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው።

ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ነርሷ ሰው የሞተ መስሏት በሩን በርግዳ ገባች።

የወንድሜ ልጅ «ካንሰር ካልነበረ ታዲያ ተአምሩ ምኑ ላይ ነው?» አለኝ። ልጄ፣ እኛ የለመንነው በጎ ዜና ነው፤ በጎ ዜና ሰማን። በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥም እንቅልፍ አልነሣኝም። ለእኔ ይበቃኛል።

የፒኤስኤ ክትትሌ ይቀጥላል። ለታኅሣሥ 19 የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠናል። ጃንጥላው ወርቅማ ዘርፍ ይኑረው ብላ ባለቤቴ አሁንም ከሰፊው ጋር በስልክ እየተከራከረች ነው።