«ዕድሜው ሞልቷል»

ዛሬ እማዬ የአባዬን ወረቀቶች ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው። የደሴ ክረምት ወረቀት ያሻግታል። ከመሀላቸው የወንድሜን የልደት ካርድ አነሳችና በነጠላዋ ጠረገችው። «ጉዱን ያመጣው ይሄ ነው» አለች።

አባዬ አስተማሪ ነበር። በ2006 ሲሞት ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ምጡ በዝቶ ታፍኖ ነበር። አይሄድም፣ አይናገርም። ከአባዬ ጡረታ ለእማዬ ግማሹ፣ ለሱ 20 በመቶው ተወሰነ። እዚህ ግባ የሚባል ብር አይደለም። ግን እማዬ ለብቻው መሀረብ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። «የልጄ ደሞዝ» ነበር የምትለው። ሳሙናውና ወተቱ ከዚያ ነው።

በ2012 ደሞዙ ቀረ። ተያይዘን ጡረታ ቢሮ ሄድን። ሠራተኛው ትሁት ነው፣ ወንበር ሳይቀር ሰጣት። «እናቴ፣ ዕድሜው ሞልቷል» አላት።

«ምኑ ሞላ ልጄ? ዛሬም የማጎርሰው እኔ ነኝ።»

ሰውየው ያለውን ነው የነገረን። ያኔ በሚሠራበት የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ለልጅ የሚከፈለው እስከ 18 ዓመቱ ነበር፤ አካል ጉዳተኛ ከሆነ እስከ 21። እኔን የሚገርመኝ ያቺ የሦስት ዓመት ጭማሪ ናት። በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ይሆናል ብለው ነው? ተነስቶ ይሄዳል?

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስትደውል ነገርኳት። እዚያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጉዳቱ 22 ዓመት ሳይሞላው የጀመረ ሰው፣ ወላጁ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት፣ በወላጁ መዋጮ ይከፈለዋል፤ ካላገባና ጉዳቱ እስካለ ድረስ ዕድሜ ልኩን። እኛ በር በዘጋንበት ዕድሜ ላይ እነሱ ይከፍታሉ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። ምን ያደርግላታል?

የከተማ ሴፍቲኔት ደሴ በ2009 ሲጀመር ተመዝግበን ነበር። መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ አለው። «እናንተማ ጡረታ አላችሁ» ተባልን፣ ተመለስን። ከኛ የባሰበት ስንት አለ፣ እሱስ እውነት ነው።

ማታ ቡና ተፈላ። በረካው ላይ ጎረቤታችን ዱዓ አደረጉ። «አብሽሪ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው» አሏት።

«አሚን» አለች እማዬ። «ከሱ በአንድ ቀን ይብለጥልኝ።»

ከዚያ ቆሎውን አላምጣ ለወንድሜ አጎረሰችው።